ኪቦርዱ ይጠር እንጂ ቁልፉ አይጥበብ፦ ለሳሎን የሚሆን ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አማርኛና እንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ማታ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል። የእድራችንን ሒሳብም በየወሩ የምይዘው እኔ ነኝ። ቦታ የማይፈጅ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ፈልጌ ነበር። አንድ ሱቅ በመዳፍ የምትያዝ፣ የማውስ መንኪያዋ አብሯት ያለ ትንሽዬ ኪቦርድ አሳዩኝ። ወደድኳት፤ ግን ፈራሁ። ብሉቱዝ ይሻላል ወይስ በዩኤስቢ የሚሰካው? የአማርኛ ፊደል የተጻፈበት መሆን አለበት? ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ይመጣል፤ ምን ብዬ ልዘዘው?

መልስ፦ እንኳን ፈሩ። ያቺ በመዳፍ የምትያዘው ኪቦርድ ለቴሌቪዥን የተሠራች ናት። ሶፋ ላይ ሆኖ የፊልም ስም ለመፈለግና ድምፅ ለመቀነስ ትመቻለች። የምትመታውም በሁለት አውራ ጣት ነው፣ እንደ ስልክ። በዐሥር ጣት ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ግን አትሆንም። ለልጆቹ የፊልም ሰዓት ብለው ቢገዟት አይቆጩም። ለሥራዎ የሚያስፈልግዎ ሌላ ነው።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገንና ለሰው ዕቃ መምረጥ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ሁሌም የምመልሰው ያው ነው። ኪቦርዱ ይጠር እንጂ ቁልፉ አይጥበብ። “ትንሽ” ተብለው የሚሸጡ ኪቦርዶች በሁለት መንገድ ነው ትንሽ የሚሆኑት። አንደኛው የማያስፈልገውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ሁሉንም እንዳለ ትቶ ቁልፎቹን እርስ በርስ ማጨናነቅ ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛዎን ያሰፋል። ሁለተኛው እጅዎን ይጎዳል፣ ስህተትም ያበዛል።

መደበኛ ኪቦርድ 104 ቁልፍ አለው። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል፣ ነምፓድ የሚባለው፣ ሲነሳ 87 ቁልፍ ይቀራል፤ ርዝመቱም ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ቀስቶቹን ወደ ፊደሎቹ አስጠግተው 31 ወይም 32 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያቆሙም አሉ። እስከዚህ ድረስ ጤናማ ነው። ፊደሎቹን የያዘው ዋናው ክፍል ብቻውን፣ ከታብ እስከ ኢንተር፣ 28.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ኪቦርዱ ከዚያ በደንብ ካነሰ ቁልፎቹ ተጨናንቀዋል ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ከየትም አይመጣም።

ይህን በሱቅ ውስጥ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። በመደበኛ ኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከኪው እስከ ፒ ዐሥር ቁልፎች አሉ። ስለዚህ ከኪው ግራ ጠርዝ እስከ ፒ ቀኝ ጠርዝ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። የኤ4 ወረቀት አጭሩ ጎን 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱን በፊደሎቹ ላይ ያሳርፉት። ዐሥሩን ቁልፎች ሸፍኖ በትንሹ ከተረፈ ልክ ነው። አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ከተረፈ ኪቦርዱን ይመልሱት።

ነምፓድ የሌለው ኪቦርድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ከቦታ ቁጠባው ይበልጣል። ማውሱ ወደ ሰውነት ይጠጋል። በረጅሙ ኪቦርድ ቀኝ እጅ ማውስ ለመያዝ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ትከሻም ቀኑን ሙሉ በዚያ ተንጠልጥሎ ይውላል። “ቀኝ ትከሻዬን እየጠዘጠዘኝ ነው” የሚሉኝ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ያንን ረጅም ኪቦርድ ነው የማገኘው። ስለ እድሩ ሒሳብ አይጨነቁ። በወር አንዴ ከሆነ ከላይ ያለው የቁጥር መስመር ይበቃል። ሒሳቡ እየበዛ ከሄደ ነምፓድ ለብቻው ይሸጣል፤ በሚያስፈልግ ጊዜ አውጥቶ ሰክቶ መልሶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩዎት ነገር አለ።

በቁልፎቹ ላይ የአማርኛ ፊደል መጻፍ የለበትም። ፊደሎቻችን ከነእርባታቸው ከ200 በላይ ናቸው፤ የትኛው ኪቦርድ ላይ ተጽፈው ያልቃሉ? አማርኛውን የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ኪቦርዱ የሚልከው “ይህ ቁልፍ ተነካ” የሚል መልእክት ብቻ ነው። የተለጠፈ ስቲከር ደግሞ በጥቂት ወራት ይላላጣል፤ እርስዎ ከሚጠቀሙበት አጻጻፍ ጋርም ላይገጥም ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመዞር የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብሮ መንካት ነው።

ማየት ያለብዎት ሺፍቱን ነው። አማርኛውን ድምፁ በሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቁልፍ በምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ባሉት፣ ቲ ብቻዋን ት ናት፤ ከሺፍት ጋር ጥ ትሆናለች። ሲ ች ናት፤ ከሺፍት ጋር ጭ። ኤስ ስ ናት፤ ከሺፍት ጋር ጽ። ኤን ን ናት፤ ከሺፍት ጋር ኝ። ዜድ ዝ ናት፤ ከሺፍት ጋር ዥ። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ሺፍት የምንነካው ዓረፍተ ነገር ስንጀምርና ስም ስንጽፍ ነው። አማርኛ ላይ ግን በየቃሉ ይመጣል። ጥያቄዎን የከፈቱበት “ጤና ይስጥልኝ” ብቻ ቢያንስ 3 ጊዜ ሺፍት ያስነካል። አራት ነጥብ ለመጻፍም ሁለት ነጥቡን ሁለቴ መምታት ነው፤ እሱም በሺፍት ነው።

አሁን ኪቦርድዎን አንዴ ይመልከቱት። ቲ፣ ሲ፣ ኤስ፣ ዜድ፣ አራቱም በግራ እጅ የሚመቱ ናቸው። በትክክል የሚተይብ ሰው የግራ እጅ ፊደል ሲመታ ሺፍቱን የሚይዘው በቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ነው። ስለዚህ ጥ፣ ጭ፣ ጽ፣ ዥ ሁሉም የሚያርፉት በቀኙ ሺፍት ላይ ነው። አጫጭር ኪቦርዶች ደግሞ መጀመሪያ የሚቆርጡት እሱኑ ነው፤ የላዩ ቀስት የምትገባበት ቦታ ለማግኘት። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ብዙም አይጎዳው ይሆናል። እርስዎ ግን ጭ እጽፋለሁ ብለው ጠቋሚው ወደ ላይኛው መስመር ይዘልብዎታል፤ ሳያዩትም ሌላ ቃል መሃል ላይ ይጽፋሉ። ለተርጓሚ ከዚህ የከፋ ኪቦርድ የለም። ቀኙ ሺፍት ቢያንስ ሁለት የፊደል ቁልፍ ያህል ስፋት ይኑረው። ቀስቶቹ ቢያንሱም ግድ የለም፤ ከእሱ አካል ተቆርጠው ግን አይሁኑ።

ሱቅ ውስጥ ከሆኑ “ጫጫታ”፣ “ጽጌ”፣ “ጥቂት” የሚሉትን ቃላት ቁልፉን ሳያዩ ደጋግመው ይጻፉ። አማርኛ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ቢሆንም ጣትዎ የት እንደሚያርፍ ስክሪኑ ይነግርዎታል። ስፔስንና ኢንተርን ደግሞ መሃላቸውን ሳይሆን ጫፋቸውን ይምቱ። ጫፋቸው ሲመታ የሚንገጫገጭ ወይም የማይጽፍ ከሆነ አሠራሩ ደካማ ነው።

ብሉቱዝ ወይስ በዩኤስቢ የሚሰካው? ሁለቱም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ሪሲቨር፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ፣ ያለው ተሰክቶ ወዲያው ይሠራል። ማገናኘት፣ ኮድ ማስገባት የለም። ዊንዶውስ ሳይነሳም ይሠራል፤ ኮምፒውተር ሲበላሽና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ መግባት ሲያስፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፋቱ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይይዛል፤ ሪሲቨሯ ከጠፋች ደግሞ ብዙዎቹ ርካሽ ኪቦርዶች አለቀላቸው። የኪቦርድና ማውስ አምራቹ ሎጂቴክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ዩኒፋይንግ የሚባለው፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት ሪሲቨር እስከ 6 ዕቃ ይይዛል፤ ቢጠፋም ሌላ ተገዝቶ እንደገና ይገናኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. የመጣው ቦልት የሚባለው የሎጂቴክ ሪሲቨርም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ግን እርስ በርስ አይተካኩም።

ብሉቱዝ ቀዳዳ አይፈልግም። ከላፕቶፕም ከስልክም ጋር ይገናኛል፤ በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ቴሌግራም ላይ ረጅም መልእክት በኪቦርድ መጻፍ የለመደ ሰው ወደ ስልክ አይመለስም። ጉዳቱ ጥቂት ሲተው ይተኛል፤ ሲነካም የመጀመሪያዋን ፊደል አንዳንዴ ይውጣታል። ለእርስዎ ሁለቱንም ያጣመረውን እመርጣለሁ። ከሁለት አንዱን ብቻ ካሉኝ ግን ለሥራ ኪቦርድና ማውሱ በአንድ ሪሲቨር የሚሠሩትን ይያዙ።

የእርስዎ አቀማመጥ ላይ አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ የምፈልገው ነገር አለ። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው። ምናልባት የልጆቹ ፊልም ያለበት ሃርድ ዲስክም ተሰክቶበታል። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በዚያው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል። ይህ ግምት አይደለም፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ አስቀምጦታል። ውጤቱን ብዙ ቤት አይቻለሁ። ሰማያዊዋ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል፤ አጠገቧ ጥፍር የምታህለዋ ሪሲቨር አለች። ማውሱ ይንገዳገዳል፣ ፊደል ይዘለላል፣ አንዳንዴ አንዱ ፊደል አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ባለቤቱ ባትሪ ይቀይራል፣ አልሆነም። አዲስ ማውስ ይገዛል፣ አሁንም ያው። መድኃኒቱ ግማሽ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ነው። ሪሲቨሯን ከሃርድ ዲስኩና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አርቀው ጠረጴዛው ላይ ያምጧት። ጥቁር ቀዳዳ ካለ ደግሞ እሱ ላይ ይሰኳት፤ ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2 ነው።

ስለ ደኅንነትም ላንሳ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤትዎ ግድግዳ ማዶ ነው፤ እርስዎም የባንክ የይለፍ ቃል በዚሁ ኪቦርድ ነው የሚጽፉት። በ2016 እ.ኤ.አ. ባስቲል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች የ8 አምራቾች ርካሽ ገመድ አልባ ኪቦርዶች የተጻፈውን ሁሉ ሳይመሰጥሩ በአየር እንደሚልኩ አሳይተዋል። ክፍሉ ውስጥ ያልሆነ ሰው በርካሽ መሣሪያ ሊያነበው ይችል ነበር። ስለዚህ አምራቹ የማይታወቅ ባለ ሪሲቨር ኪቦርድ አይግዙ። ማውስ ከሆነ ጉዳቱ ያንሳል። ኪቦርድ ላይ ግን ሳጥኑ ላይ “ኤኢኤስ” (AES) የሚል የምስጠራ ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ወይም ብሉቱዝ ይሁን። ሲገናኝ በኪቦርዱ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር የሚያስጽፍ ብሉቱዝ ሲገናኝ ጀምሮ ይመሰጥራል።

ባትሪ ድንጋይ ላይ አጭር ላድርገው። ኪቦርድ በጣም ቆጣቢ ነው፤ ማውስ ትንሽ ይበላል። ሎጂቴክ ለኬ380 ኪቦርዱ 2 ዓመት፣ ለኤም185 ማውሱ 1 ዓመት ይላል። በቀን ሙሉ ሥራ ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው ርካሹ ድንጋይ ነው። ሲያልቅ ያፈሳል። ክዳኑን ሲከፍቱ ስፕሪንጉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ያገኛሉ፤ ስፕሪንጉ ተበልቶ ይሰበራል፣ ማውሱም አብሮ ይሞታል። ላዩ ላይ “አልካላይን” የሚል ይግዙ። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ያውጡት። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውም መጥፎ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ውስጡ ያለው ባትሪ ሲደክም የሚቀይርልዎ አያገኙም። እኔ ድንጋይ የሚገባበትን እመርጣለሁ፤ የትም ሱቅ አለ።

ወደ ማውሱ ስንመጣ “ትንሽ” የሚለውን ቃል እንዲረሱት እፈልጋለሁ። ቦታ የሚቆጥበው ኪቦርዱ ነው፤ ማውስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ለጠረጴዛው ምንም አይጨምርለትም። ለጉዞ ተብለው የሚሠሩት ጠፍጣፋና አጫጭር ማውሶች መዳፍን አየር ላይ ያስቀራሉ፤ በጣት ጫፍ ብቻ ነው የሚያዙት። ለግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው። ለስምንት ሰዓት ግን ጣትን ያደክማል። መዳፍዎን ሲያሳርፉ ጀርባው መዳፍዎን መንካት አለበት። ለብዙ ሴት እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ይበቃል፤ እጅዎ ረዘም ካለ 11 ይሁን። ግራኝ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነውን ይምረጡ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዲፒአይ፣ የማውሱ የእንቅስቃሴ ንባብ መጠን፣ ለእርስዎ ሥራ ዋጋ የለውም፤ 1000 ይበቃል። ጠቅ ሲደረግ ድምፅ የማያሰማ ዓይነት ግን ጥቂት ቢጨመርበትም ይግዙ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተው የሚሠራ ሰው ጥቅሙን የመጀመሪያው ማታ ያየዋል። በዚሁ ምክንያት ከቁልፉ ሥር ሰማያዊ ስዊች ያላቸውን ሜካኒካል ኪቦርዶች ይተዉ፤ ሲጻፍባቸው ይንጫጫሉ።

ጠረጴዛው ራሱም ይታሰብበት። የሳሎን ጠረጴዛዎ መስታወት ከሆነ ተራ ማውስ አይሠራበትም፤ ብርሃኑ ያልፋልና የሚያነበው ነገር ያጣል። ዳንቴል ካለበትም ጠቋሚው ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር ይዘላል። ማውስ ፓድ ርካሽ ነው። እሱ እስኪገዛ አንድ ደብተር በቂ ነው።

ወንድምዎን እንዲህ ያስቸግሩት። ሱቅ ሲገባ የኪቦርዱን ቀኝ የታችኛውን ጥግ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልዎ፤ ከሺፍቱ እስከ ቀስቶቹ ያለውን። ግራውንም ያንሳው። ዱባይ ያለው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ዐረብኛም ተጽፎበታል። ጽሑፉ ምንም አይጎዳም። ነገር ግን ከነዚያ አንዳንዶቹ ግራው ሺፍት አጭር ነው፤ በእሱና በዜድ መሃል አንድ ትርፍ ቁልፍ ይገባል፤ ኢንተሩም ቅርጹ ይለያል። ስላልለመዱት በየቀኑ ያናድድዎታል። “የአሜሪካ አቀማመጥ” ያለውን ይጠይቅ፤ እዚያ አይጠፋም። ዘመድ ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ ላምጣልሽ ቢልዎት ግን አመስግነው ይተዉት፤ የጀርመኑ ዋይና ዜድን ያቀያይራል፣ የፈረንሳዩ ደግሞ ኤ እና ኪውን።

ስም ጥራልኝ ካሉ፣ ከሎጂቴክ ኬ380 ለብዙ ሰው መርጫለሁ። 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ናት፤ ማለትም ካልኩት ድንበር ላይ። ለሥራ ሪሲቨርን ባስቀድምም እሷ ብሉቱዝ ብቻ ናት፤ ከ3 ዕቃ ጋር ትገናኛለች። ቁልፎቿ ክብ ስለሆኑ ለሁሉም ሰው ጣት አይመቹም። ስለዚህ ወንድምዎ ከመግዛቱ በፊት እዚህ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብተው ይሞክሯት። ካልተመቸችዎት ወደ 87 ቁልፉ ይሂዱ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ግን ምንም የሚለመድ ነገር የለውም። ሪሲቨር ያለው ከገዛ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ የማውሱን ሆድ ከፍቶ ይይ። ሪሲቨሯ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ አጠገብ ተሸጉጣ ነው የምትመጣው፤ የተከፈተና የተመለሰ ዕቃ ከሆነ ቦታዋ ባዶ ይሆናል። ሲመጣም እዚያው ተሸጉጣ ትምጣ፤ ኪስ ውስጥ አይክተታት።